ከወንድሟ ከንፈር ላይ

«ሃሎ… አዎ፣ ትምህርት ቤቱ ነው? እንደምን ዋሉ። ስለ ወንድሜ ነበር የምደውለው… አዎ፣ ሃያ ዓመቱ ነው… አይ፣ ይሰማል፤ መናገር ነው የማይችለው… ውይ! በሙሉ ሞልቷል? እሺ፣ ምን ይደረጋል። አመሰግናለሁ።»

ልጅቷ ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ደረቷ ላይ ገልብጣ ለጠፈችው። ብታዞረው ኖሮ ወንድሟ መስታወቱ ጭልም ማለቱን ያይ ነበር። የትም አልደወለችም። በጠራራ ፀሐይ ከራሷ ጋር አውርታ መጨረሷ ነው።

«ሞልቷል አሉ» አለችው። «ለዘንድሮ ቦታ የለም።»

ወንድሟ የእናታቸውን የሥራ ጋውን እየተኮሰ ነበር። ካውያውን አቁሞ አያት። አንገቱ ላይ የሚጠመጥማት ስስ ሻርፕ ወደ ጎን ተንሸራታበት ስለነበር በግራ እጁ አስተካከላት። ከዚያ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የለም፤ ትንፋሽ እንኳ ከአፉ አይወጣም። «ይሁን» ነው ያለው። ሌላ ሰው ቢሆን አይገባውም፣ እሷ ግን ገባት። ካውያውን አነሣና ወደ እጅጌው ተመለሰ።

ድንቢጥ ወደ ጓዳ ገብታ ውሃ ጠጣች። ድንቢጥ ያላት ወንድሟ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ቁመቷ ለዓይን የማይሞላ፣ ጩኸቷ ግን ቤት የሚሞላ ስለነበረች።  «አሪፍ አድርጌ ተጫወትኩት» ብላ አሰበች፤ ወዲያው ደግሞ እንዲህ በማሰቧ አፈረች።

ትምህርት ቤቱ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። የምልክት ቋንቋ ያስተምራሉ፣ ከዚያ ሙያ፤ ማደሪያም አላቸው። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ይፈጃል። የጠቆመቻቸው አንዲት የሆስፒታል ነርስ ስትሆን የሰጠቻቸውም የቢሮ ስልክ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ያውም የጽሑፍ መልእክት የማይቀበል የመስመር ስልክ። ወንድሟ ያን ዕለት ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ስቋል። «መናገር ለማይችሉ ሰዎች የተከፈተ ትምህርት ቤት ደውሉልን ይላል!» ብሎ በከንፈሩ ነገራትና «በይ አንቺ ደውይልኝ» አላት። ድንቢጥ ነገ ነገ ስትል ሰነበተች። ዛሬ መልሶ ሲጠይቃት ያደረገችው ይህንን ነው።

ለምን ዋሸች ቢባል ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። እሱ የሌለበትን ቤት በሐሳቧ ልታየው ሞክራ ነበር፤ አቃታት።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከአንድ ቁም ሣጥን ነው።

አባታቸው ሲሞት ድንቢጥ ገና ፊደል አልለየችም። እናታቸው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጠረችና ጠዋት ወጥታ ሲመሻሽ መግባት ጀመረች። ሕፃን ማዋሉ ወንድሟ ጫንቃ ላይ ወደቀ። እሱም ያኔ ልጅ ነው፤ ልጅ ልጅን ሲጠብቅ እንደሚያደርገው ስክሪን ፊት አስቀመጣት። አኒሜ የሚሉት የጃፓን የሥዕል ፊልም ነፍሱ ነበር፤ ጎራዴ የሚመዙ፣ ዘንዶ የሚጋልቡ፣ መዳፋቸው ላይ እሳት የሚያነዱ የሥዕል ሰዎች። ችግሩ ድንቢጥ ቋንቋቸውም ሆነ ከታች የሚሮጠው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አይገባትም። «ምን አለ? አሁንስ ምን አለች?» እያለች ነፍሱን ስታወጣው ጮክ ብሎ በአማርኛ ይነግራት ጀመር። ንጉሡን በወፍራም ድምፅ፣ ጠንቋይዋን በአፍንጫው፣ ዘንዶውን ከሆዱ እያወጣ።

እያደር ጨዋታው ሙያ ሆነ። የቁም ሣጥኑን ልብስ አራግፎ አወጣ፤ ውስጡን በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ለበጠው፤ መስቀያው ብረት ላይ ማይክሮፎን አሰረ። ጎረቤታቸው አናጺ ነው፤ መጋዙ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ይውላል። ስለዚህ የፊልሙን የአማርኛ ድምፅ የሚቀዱት አናጺው መጋዙን አጥፍቶ ምሳውን ሲበላ ነበር። ሌላው ሕዝብ በምሳ ሰዓት ሆዱ ይጮኻል፤ ድንቢጥ ግን እስከ ዛሬ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጉሮሮዋን ነው የምትጠራርገው። የትንንሽ ሴት ልጆችን፣ የድመቶችንና የሚናገሩ ወፎችን ድምፅ የምትሠራው እሷ ነበረች። ጽሑፍ ቶሎ ማንበብ አትችልም፤ ማይክሮፎኑ ክፍት ሆኖ ደግሞ ወንድሟ ድምፅ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ቃሉን በከንፈሩ ብቻ ያቀብላታል፤ እሷ ከከንፈሩ ላይ ለቅማ በድምፅ ታወጣዋለች። ዓመታት እንዲህ ሠሩ። ማንበብ ከቻለች በኋላ እንኳ ልማዱን አልተዉትም።

ሠፈሩ ጫፍ ላይ ፊልም በፍላሽ የሚጭነው ሰውዬ ሥራቸውን ሰምቶ ወደደው። ልጆቹ «ጋሽ ፍላሽ» ይሉታል። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ውስጥ የማታውቃቸው ልጆች መጥተው «ባለ ጎራዴው ልጅ ወንድምሽ ነው አሉ፣ የምርሽን ነው?» ይሏታል። እሷም «ታዲያ የናንተ ወንድም ሊሆን ኖሯል?» ብላ ትንቀባረራለች።

መጨረሻ ላይ የያዙት አኒሜ የአንድ ወንድምና የአንዲት እህት ታሪክ ነበር። ባለ ጎራዴው ታላቅ ወንድም ታናሽ እህቱን ከጨለማ አዳኞች እየጠበቀ አገር ላገር ይዟት ይዞራል። በኋላ ላይ ክፉኛ ይቆስላል። እህትየው እንዳይሞትባት አስማት ትማርና በመስታወት ዛፍ ውስጥ ታስተኛዋለች። እዚያ ውስጥ ማንም አያገኘውም። አይሞትም፤ አይነቃምም። እሷ ግንዱ ሥር ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። ይህን ክፍል ቀድተው የጨረሱ ዕለት ተጨቃጨቁ።

«ቀሽም ናት» አለ ወንድሟ። «መተኛት ትፈልጋለህ ወይ ብላ ጠይቃዋለች?»

«ትወደዋለች እኮ ጋሽዬ!» አለች ድንቢጥ፤ ወንድሟን የምትጠራው ጋሽዬ ብላ ነው።

«መውደዱንማ ትወደዋለች» አለና ሳል አቋረጠው።

ያቺ ሳል ሰነበተች። ቀጥሎ ድምፁ ጎረነነ፤ ጋሽ ፍላሽም «ልጁ ድምፁ ወፈረ፣ ለጎራዴ የሚሆን ድምፅ እንዲህ ነው!» ብሎ አደነቀ። ሐኪሞቹ ግን ጉሮሮው ውስጥ የበቀለ ክፉ ነገር አገኙ። ነፍሱን ለማትረፍ ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል ከነሥሩ ማውጣት ነበረባቸው፤ አወጡት። አሁን የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በተከፈተች ትንሽ ቀዳዳ ነው። ነፍሱ ተርፋለች፤ ድምፁ ግን ላይመለስ ሄዷል።

ከሰመመኑ የነቃ ዕለት ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ እናቱ «ምን ፈለግህ የኔ ልጅ? ውሃ ነው?» ብላ ተርበተበተች። ነርሷ እስክሪብቶ ለመፈለግ ሮጠች። ድንቢጥ ብቻ ካለችበት ሳትነቃነቅ «መስኮቱን ክፈቱልኝ ነው የሚለው» አለች። ሁሉም ዞረው አዩአት። ወንድሟ ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ፤ አዎ ማለቱ ነው። መስኮቱ ተከፈተ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የወንድሟ አፍ እሷ ሆነች። ፋርማሲ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ዘመድ ሲመጣ፣ እሱ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ እሷ ትናገራለች።

መቼም ትርጉም ላይ ነገር ማለዘብ የቆየ ልማዳቸው ነው። አኒሜው ውስጥ ስድብ ሲበዛ እናታቸው እንዳትቆጣ ይቀይሩታል። እንዲሁ አንድ ቀን አክስታቸው መጥታ «አይዞህ፣ ከሞት አንድ ፊቱን ዲዳ መሆን ይሻላል» እያለች ስትለፈልፍ ወንድሟ በከንፈሩ «ይቺን ሴትዮ ከፊቴ አንሺልኝ» አለ። ድንቢጥ ፊቷን ሳታኮሳትር «እግዜር ያክብርልኝ፣ መጽናኛዬ ነሽ ይላል» ብላ አስተላለፈች። አክስትየው እንባዋን ጠረገች። ወንድሟ ሳቁን ለመደበቅ ትራሱ ውስጥ ተቀበረ። እሱ ከታመመ ወዲህ እንዲያ የሳቁበት ቀን አልነበረም። ድንቢጥም ያን ቀን አንድ ነገር ተማረች፤ የወንድሟን ቃል ከመንገድ ላይ መለወጥ እንደምትችልና ማንም እንደማያውቅባት።

የውሸቱ ስልክ የተደወለ ዕለት አመሻሽ ላይ እናታቸው ገብታ ጫማዋን እያወለቀች «እንዴት ሆነ ነገሩ?» ብላ ጠየቀች።

«ሞልቷል አሉ እማዬ።»

እናቷ አንዱን ጫማ እንደያዘች ቆየች። «እንግዲህ፣ ያልተባለ ነው» አለች። አዘነች እንዳይባል ትከሻዋ ዘና ብሏል፤ እፎይ አለች እንዳይባል ዓይኗ ልጇን ማየት አቅቶታል። ራት ቀረበ። ሦስቱም ስለ ዝናቡ አወሩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ከዚያ ወዲህ የወንድሟ ከንፈር እየሰነፈ ሄደ። ጠዋት «ደኅና ዋዪ» ይላታል፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «መጣሽ?» ይላታል፤ በመካከል ያለው ቀን ባዶ ነው። ፀጉሩን ሊስተካከል አብራው ስትሄድ ፀጉር አስተካካዩ እሱን ወንበር ላይ አስቀምጦ እሷን «ጎኑን ላሳጥርለት?» ብሎ ጠየቃት። ወንድሟ ሁሉንም እየሰማ መስታወቱ ውስጥ ዓይኑን ጨፈነ። ድንቢጥ «ራሱን ጠይቀው፣ ይሰማል» ማለት ነበረባት። እሷ ግን «አዎ፣ ትንሽ» አለች፤ አፏ መልስ መስጠት ለምዶበት።

አንድ ቀን መምህር ቀርቶ ቀደም ብላ ተለቀቀች። የሠፈራቸው ሱቅ ጋ ስትደርስ ወንድሟን ባንኮኒው ፊት ቆሞ አየችው። የሚፈልገውን ስልኩ ላይ ጽፎ ለባለሱቁ እያሳየ ነው። ባለሱቁ መነጽሩን አልያዘም መሰል ስልኩን እያራቀ እያቀረበ፣ እንደ ደንቆሮ ቆጥሮት «ምን-ነው-የምት-ፈል-ገው?» እያለ ይጮኽበታል። ከኋላ የተሰለፉት «ኧረ ቶሎ በል ወንድሜ!» ይላሉ። አንዱ ሳቀ። ወንድሟ ስልኩን ኪሱ ከተተና ምንም ሳይገዛ ወጣ። ትከሻው ወርዷል። ድንቢጥ ሮጣ ልትደርስለት ፈለገች፤ ግን ተወችው። ከደረሰችበት ሁሉን እንዳየች ያውቃል። ጥጉን ተደግፋ እስኪያልፍ ጠበቀችና ሌላ መንገድ ዞራ ቤት ገባች። «አዳንኩት ብዬ ነው እዚህ ያስቀረሁት?» አለች ለራሷ። መልሱን መስማት ስላልፈለገች ሬዲዮ ከፈተች።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ፍላሽ መጣ።

«ኧረ በፈጠራችሁ! ልጆቹ ቁም ስቅሌን እያሳዩኝ ነው። የመጨረሻዋን ክፍል ብቻ! ደግሞ እዚህ ላይ እኮ ወንድምየው ዛፉ ውስጥ ተኝቶ ነው፤ ድምፅ አያስፈልገው…» አለና የተናገረው ገብቶት ምላሱን ነከሰ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ አፌ ነው።»

ወንድሟ ሳይከፋው አልቀረም፤ ቢሆንም ፈገግ አለ። ወደ ድንቢጥ ዞሮ «እውነቱን ነው፤ ለኔ የተሠራ ሚና ነው» አላት። በሳምንታት ውስጥ የመጀመሪያው ረጅም ዓረፍተ ነገሩ ነበር። ደስ ስላላት እሺ አለች።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ የአናጺው መጋዝ ሲጠፋ ድንቢጥ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገባች። ወንድሟ በሩን ገርበብ አድርጎ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አጥልቆ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ትዕይንቱ ቀላል ነው። አንድ ሽማግሌ መንገደኛ ወደ ዛፉ ይመጣና ልጅቷን «ወንድምሽ የት አለ?» ይላታል። ልጅቷ ትዋሻለች። የሽማግሌውን ድምፅ ድንቢጥ ቀድማ ቀድታዋለች፤ አሁን የልጅቷን ትቀዳለች።

«የለም፣ ሄዷል፤ የት እንደሄደ አላውቅም!»

ወንድሟ እጁን አነሣ፤ እንደገና። ደገመችው፤ እጁ ተነሣ። ሠለሰችው፤ እጁ ተነሣ። በመጨረሻ ማዳመጫውን አውልቆ በከንፈሩ ያስረዳት ጀመር። ድንቢጥም እንደ ልማዷ እግር በእግር ከከንፈሩ ላይ እየለቀመች በድምፅ ታወጣዋለች፦

«ስትዋሺ… ለሌላው ሰው ጊዜ አትሰጪም። ሽማግሌው ጥያቄውን ሳይጨርስ… መልሱን ትደፊበታለሽ። እውነት የሚያወራ ሰው… ያዳምጣል። ስልክ ያወራሽ ዕለትም… እንዲሁ ነበርሽ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትርጉሟ ሳይገባት ከገዛ አፏ ወጣች። ከወጣች በኋላ ነው የገባት።  ወንድሟም ያመለጠው አሁን ታወቀው፤ ከንፈሩን ገጠመ።

«ታውቅ ነበር?»

ራሱን ነቀነቀ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሃሎ ካልሽበት» አለ በከንፈሩ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ለእማዬ ጽፈህ ማሳየት ትችል ነበር! ልትቆጣኝ ትችል ነበር! ካውያውን ብትወረውርብኝ ይሻል ነበር እኮ!»

ወንድሟ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ፊቱን ካዞረ እሷም ደንቆሮ ናት። ከቁም ሣጥኑ ወርዳ ፊት ለፊቱ ተንበረከከችና አገጩን ይዛ ወደ ራሷ መለሰችው። ከንፈሩ ቀስ እያለ ተንቀሳቀሰ። እሷም ባትፈልግ እንኳ አፏ ተከተለው፦

«ብቻሽን መሆን… ትፈሪያለሽ። አባባ የሞተ ጊዜ… ከትምህርት ቤት እስክመጣ… በሩ ላይ ቆመሽ ነበር የምትጠብቂኝ። ዝናብ እየመታሽ። እኔ ከሄድኩ… ማን ይመጣልሻል?»

ቃሉ የሱ ነው፣ ድምፁ የሷ።  ይህ ልጅ ድምፁን አጥቶ፣ ሱቅ ለሱቅ እየተዋረደ፣ አሁንም እሷን ነው የሚጠብቀው። እሷ ደግሞ እሱን ያዳነች መስሏት ነበር።

«ደግሞ…» አለ። «ደግሞ… ደስም ብሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያዝንልኝ… አንቺ ብቻ ነበርሽ… አትሂድ ያልሽኝ።»

ድንቢጥ ጉልበቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሱ ፀጉሯን እየዳሰሰ ተቀመጠ። ሲያለቅስ ድምፅ ስለሌለው ማልቀሱን ያወቀችው ማጅራቷ ላይ ጠብ ሲልባት ነው። አናጺው ምሳውን ጨርሶ መጋዙን አስነሣ፤ የዚያን ቀን ቀረጻ በዚሁ አበቃ።

ክፍሉን በሁለተኛው ቀን ጨረሱት። ልጅቷ የመስታወቱን ዛፍ በገዛ እጇ ትሰብራለች፤ ወንድሟ ይነቃና አንድ ነገር ይላታል፤ እዚያ ላይ ያልቃል። ያቺን አንዷን ቃል ማን ይናገራት? ድንቢጥ ድምፄን አወፍሬ ልሞክር አለች። ወንድሟ እምቢ አለ። ፊልሙ ላይ የነበረውን የባዕድ ድምፅም ቆርጦ አወጣው። ባለ ጎራዴው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ የሚሰማ ነገር የለም። ጋሽ ፍላሽ በኋላ «ልጆቹ ፍላሹ ተበላሽቷል ብለው መለሱልኝ!» እያለ ሲያማርር ከርሟል።

እናታቸው የእረፍት ቀኗን ጠብቃ ልብስ እያጠበች ሳለ ድንቢጥ አጠገቧ ቆመች።

«እማዬ፣ ትምህርት ቤቱ ጋ አልደወልኩም። ሞልቷል ያልኩት ውሸቴን ነው።»

እናቷ እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ድንቢጥ ጥፊ ብትቀምስ ቅር አይላትም ነበር። እናቷ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ «ቁጥሩ እኮ እኔም ቦርሳ ውስጥ አለ» አለች። «ፋብሪካው በር ላይ ስልክ አለ። ደውዬ ማረጋገጥ ያቅተኝ ነበር? ፈራሁ። አንድ ጊዜ ከሞት አፍ መልሼዋለሁ፣ ከዓይኔ እንዳይርቅ ፈለግሁ።» የረጠበ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ጥሪው።»

ጠራችው። እናቱ «ትሄዳለህ ወይ?» ስትለው አንዴ እናቱን አንዴ እህቱን አይቶ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ምን አለ?» አለች እናታቸው።

ድንቢጥ ይህችን ብትለውጣት፣ ጥሩ ለማድረግም ቢሆን፣ ያው ስርቆት ነው። «ተዉት፣ እናንተን ጥዬ የትም አልሄድም ይላል» አለች፤ ቀጠለችና «እኔ ደግሞ ውሸታም እላለሁ። ሲዋሽ አውቃለሁ። ሄዶ በዓይኑ ይየው፣ ከዚያ እምቢ ይበል» አለች።

ወንድሟ ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ትከሻውን ከፍ ዝቅ አደረገ፤ ይሁን ማለቱ ነው። እናቱ ፊቷን ወደ ልብሱ መለሰች፤ ሸሚዙን እስኪቀደድ ድረስ ታሸው ጀመር።

ደውለው ቢሆን ኖሮ ይቀላቸው ነበር፤ ነገር ግን ድንቢጥ ያንን ስልክ ዳግመኛ ጆሮዋ ላይ መለጠፍ አልፈለገችም። ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፈሩ። መንገዱን ሙሉ ወንድሟ መስኮቱን ሲያይ እሷ የመስኮቱን መስታወት ታያለች፤ ከንፈሩ እዚያ ላይ ይታያልና። 

ትምህርት ቤቱ ረጅም ቢጫ ግንብ ነው። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ «ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለ። ድንቢጥ አፏን ከፈተች። «ወንድሜ…» ብላ ጀመረችና አፏን መልሳ ገጠመች። ወንድሟ ለአፍታ ጠበቃት። እንደማትናገር ሲገባው ስልኩን አውጥቶ ጻፈና ዘረጋ። ዘበኛው ሳይጮኽ፣ ሳይቸኩል አነበበና በእጁ አንድ ምልክት አሳይቶ ወደ ቢሮው ጠቆመ።

ቢሮው ውስጥ ያለችው መነጽር ያደረገች ሴት ቦታ መኖሩን ለማወቅ ከግድግዳው ላይ ሰሌዳ አየች። «አለ። ገና ብዙ አልጋ ባዶ ነው» አለች። ድንቢጥ ወለሉን አየች። ሴትየዋ ቀጠለች፦ «አንቺ ምኑ ነሽ? ከንፈሩን ታነቢያለሽ መሰለኝ። ነይ ግቢ፣ የምጠይቀው ብዙ ነገር አለኝ፣ ትረጂናለሽ።»

ወንድሟ ወደ እሷ ዞረ። ከንፈሩ ተዘጋጅቷል።

«እህቱ ነኝ» አለች ድንቢጥ። «እዚህ ውጭ ልሁን፤ እሱ ራሱ ይመልስልዎት።»

ሴትየዋ ወንድሟን አስገብታ በሩን መለስ አደረገች። ድንቢጥ ግቢው ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የቢሮው መስኮት ክፍት ነበር። ሴትየዋ አንድ ልጅ ጠራች፤ በወንድሟ ዕድሜ ያለ፣ እጁ ላይ የቀለም ጠብታ የሞላበት ልጅ። ልጁ ጣቶቹን አጥፎ ዘርግቶ አንድ ነገር አሳየው። ወንድሟ ሊደግመው ሞከረ፣ ጣቱ ተጣመመበት። ልጁ ጣቱን ይዞ አስተካከለለት። እንደገና ሞከረ። ልጁ ጭንቅላቱን ወደኋላ ጥሎ ሳቀ፤ ወንድሟም ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በእጁ የሆነ ነገር መለሰለት። ጀርባውን ስለሰጣት ከንፈሩ አይታያትም ነበር።

ምን እንዳለው ድንቢጥ አልገባትም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ወንድሟ ያለው ሳይገባት ሲቀር ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው። በእጇ አፏን ሸፍና አለቀሰች። የሚያልፉት ተማሪዎች አዩአት፤ ማንም ለምን አላላትም።

ቆየት ብሎ ወንድሟ በመስኮቱ ብቅ አለ። ሴትየዋ የጠየቀችው ከበደው መሰል ግንባሩን ቋጥሯል። ፈልጎ አገኛትና ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። «ነይ፣ አስረጂልኝ።» በደንብ ገብቷታል።

ድንቢጥ እጇን አነሣችና ከሩቅ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ከአግዳሚው አልተነሣችም። ወንድሟ ጥቂት ጠበቃት፤ ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞሮ ሁለት እጆቹን አነሣ።